ከፍራሹ ሥር የተገኙት ፌስታሎች

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የእኔ ጉዳይ ለሰው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ግን ቤቴን እየረበሸው ስለሆነ ልጽፍልዎ ወሰንኩ።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ4 ዓመት ወንድ ልጄ፣ ከዘጌ መጥተው አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ በቤት ሥራ የምታግዘን ልጅና እኔ ነን። ባለፈው ዓመት ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ጣና ሐይቅን የወረረውን የእምቦጭ አረም ለመንቀል ፎገራ በኩል ሄጄ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆመን ስንጎትት ዋልን። አመሻሽ ላይ ዞር ብዬ ሳይ፣ የነቀልነው ቦታ ካልነቀልነው የሚለይ አልመስል አለኝ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ቢያንስ የራሴን ቤት ላስተካክል አልኩ።

ፌስታል ቤት እንዳይገባ ከለከልኩ። የታሸገ ውሃ መግዛት ይቁም አልኩ። እንጨትና ከሰል አስቀረሁ። እንጀራው በኤሌክትሪክ፣ ቡናውም በኤሌክትሪክ ምድጃ ሆነ። ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ለመሥራት ክዳኑ ጥብቅ የሚል ባልዲ ገዝቼ ማድ ቤት አስቀመጥኩ። ልጣጩም፣ የተረፈው ወጥም፣ እንጀራውም እዚያ ይገባል። ይህን ሁሉ ያደረግሁት በአንድ ሳምንት ነው።

አማቴ "በኤሌክትሪክ የተፈላ ቡና ቡና አይባልም" ብለው ጎረቤት እየሄዱ መጠጣት ጀመሩ። ባለቤቴ ሃይላንድ በደርዘን እየገዛ መኪናው ውስጥ ያስቀምጣል። የባሰው የአማቴ ማኅበር እኛ ቤት የወጣ ቀን ነው። ባልዲው ሸቷል፣ ትሉ ክዳኑ ላይ ወጥቷል፣ ዝንቡ እንግዶቹን አላስቀምጥ ብሏል። እማማ ምንም ሳይናገሩ ባልዲውን አንስተው ከግቢ ውጭ ደፉት። እኔም እንግዳ ፊት ጮህኩባቸው። እስካሁን በደንብ አንነጋገርም።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ የልጄን አልጋ ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር ስምንት ፌስታል አገኘሁ። ተጨማደው የተደበቁ። ዳቦ ገዝታ ስትመጣ እንዳላይባት እዚያ ስትከት ከርማለች። አልጋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሁሉንም ልተወው? ወይስ ልቀጥልበት? ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?

የደከማት እናት፣ ከሽምብጥ

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ጊዜ ዓይኔ ፍራሹ ላይ ቀረ። እምቦጩም፣ ሃይላንዱም፣ ቡናውም ይደርሳል። ከልጅቷ እንጀምር።

ስምንት ፌስታል ማለት ስምንት ጊዜ ሱቅ ሄዳ ስምንት ጊዜ በስጋት ተመልሳለች ማለት ነው። ባለሱቁ ዳቦውን በፌስታል ያደርግላታል። አልፈልግም እንዳትል ልጅ ናት። ዳቦውን የምትይዝበት ሌላ ነገርም የላትም። ቤት ስትደርስ ደግሞ አንቺ አለሽ። እስኪ ልጠይቅሽ፤ ፌስታል የከለከልሽ ቀን በምትኩ የምትይዘውን ነገር ሰጥተሻት ነበር? ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ብዙዎቻችን ስንነሳሳ መጀመሪያ የምናደርገው መከልከል ነው። መተኪያው ትዝ የሚለን ቤት ከተኮራረፈ በኋላ ነው።

ዛሬ ማታ ከመተኛቷ በፊት አጠገቧ ቁጭ በይ። "ፌስታሎቹን አገኘኋቸው፤ አልተቆጣሁም። እንድትፈሪኝ ማድረጌ ነው ያሳዘነኝ" በያት። ከዚያ በላይ አታብራሪ። ስለ ሐይቁም አታንሺባት፤ እሱ በሌላ ቀን ይደርሳል። ቅዳሜ ላይ ያረጀ አንሶላ ወይም ነጠላ ፈልጊና አብራችሁ የዳቦ ከረጢት ስፉ። የትኛው ጨርቅ እንደሚሆን እሷ ትምረጥ። ስፌቱ ቢንጋደድም አታርሚው። ከዚያ በሩ አጠገብ ምስማር ምቺና ከዘንቢሉ ጎን ስቀይው። ዘንቢል ቤትሽ ከሌለ ግዢ። እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነበር፤ እኔ ዛሬም ያለ ዘንቢል አልወጣም።

አንዳንድ ቀን ከረጢቱን ትረሳዋለች። ፌስታል ይዛ ትመጣለች። ትምጣ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ደግሞ ይሠራል። አጥብቀሽ የምትይዢው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ፌስታልና ፕላስቲክ ግቢ ውስጥ አይቃጠል። ጭሱ መርዝ አለው፣ የሚተነፍሱት ደግሞ ልጆችሽ ናቸው። እንዲህ ቀስ በይ የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና አገር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። በመሃሉ 18 ዓመት አለ። አገር ይህን ያህል የለፋበትን ነገር የ9 ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት እንድትተወው መጠበቅ ይከብዳል።

ወደ አማትሽ ልምጣ። ስለ እሳቸው ከጻፍሽው ውስጥ የያዘኝ አንድ ቃል ነው፤ "ከዘጌ"።

እህቴ፣ ዘጌን ታውቂዋለሽ። ታንኳም ሆነ ጀልባ ላይ ሆነሽ ስታይው ውሃው ዳር ድረስ ደን ነው። እዚያ በባህሉ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ሰዉ የሚኖረው ከዛፉ ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡና፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው በዚያ ከገዳማቱ ጋር በኖረ ሥርዓት ነው። እንግዲህ እማማ ያደጉት እዚያ ነው። አንቺ ፎገራ ጭቃ ውስጥ ቆመሽ የተሰማሽን ነገር እሳቸው ስም ሳያወጡለት ኖረውበታል። በገዛ ልጃቸው ቤት ግን ተማሪ ሆኑ፤ ያውም የምትቆጣ አስተማሪ ያለቻቸው ተማሪ። ማኅበርተኞቻቸው ፊት የደረሰባቸው ደግሞ ከባድ ነው። ማኅበር ሲወጣ ቤት ይታጠባል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ሰው የሚችለውን ሁሉ ያቀርባል። እሳቸው ባልዲውን ሲደፉ የሸሹት ሽታውን ብቻ አይመስለኝም። ውርደቱንም ነው።

ይቅርታ ጠይቂያቸው። በቃል ብቻም አይሁን። ከሰል ገዝተሽ ቡናውን ራስሽ ቁዪ፣ ጀበናውን ከሰሉ ላይ ጣጂ፣ የመጀመሪያውን ስኒ ስትሰጫቸው "እማማ፣ እንግዳ ፊት መጮኼ ጥፋት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ" በያቸው። "ግን እኮ ባልዲው..." የሚል ነገር ከኋላው አትጨምሪበት።

ከሰል ስልሽ ደንግጠሽ ይሆናል። በተለመደው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት አምስት ኪሎና ከዚያም በላይ እንጨት ይነዳል፤ ይህን አልክድሽም። ግን ሁሉም ከሰል ከተፈጥሮ ደን አይመጣም። አዊ ውስጥ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ራሱ በማሳው ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ሲተክል፣ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ሲያከስል፣ መልሶ ሲተክል ኖሯል። ስለዚህ ነጋዴውን "ይሄ የዲከረንስ ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ምድጃውንም ላቀች የሚባለውን ከሰል ቆጣቢ አድርጊው። ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። በቀን አንዴ የምትፈላዋን ቡና ግን ለእማማ ተዪላቸው። ቤት ውስጥ አማትና ምራት የሚያወሩበት ሰዓት ከሆነ፣ በእኔ ሚዛን ከሰሉ አይቆጭም።

አሁን ኮምፖስቱ። ይህን በሰፊው ልንገርሽ፤ ምክንያቱም የተሳሳትሽው ትንሽ ነገር ነው፤ ሊቃና የሚችል።

ባልዲሽ የሸተተው ኮምፖስት ስለሚሸት አይደለም። አየር ስላጣ ነው። እርጥብ ነገር ብቻ ሞላሽበት፣ ከላይ ክዳኑን ጥርቅም አደረግሽው። አየር ያጣ እርጥብ ነገር ይበሰብሳል፣ ይሸታል፣ ይተላል። ላይ ላዩ ደግሞ ወጥ አለው፣ ዘይት አለው። ዝንብ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንዲሁ ሆኖብኝ ያውቃል። ያስተማረችኝ ግቢዬ ውስጥ ያለችው ማንጎ ናት። ሥሯ የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ሳደርገው ከታች ያለው ጥቁር፣ ልስልስ ያለ አፈር ነው። ሽታውም ዝናብ ሲጀምር መሬት የሚያወጣው ዓይነት ነው። ማንም አልሠራውም። ደረቅ ቅጠሉ ብዙ፣ እርጥቡ ትንሽ፣ አየሩ እንደልብ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ባልዲውን ከማድ ቤት አውጪው። ግቢያችሁ አፈር ካለው ከቤቱ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ጉልበት ድረስ የሚጠልቅ ጉድጓድ ይበቃል። ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ የተሰበረ በርሜል ወይም ባልዲ ሥሩንና ጎኑን በጋለ ምስማር ብሺው። መጀመሪያ ደረቅ ቅጠል በወፍራሙ ይነጠፍ። አንድ ሳህን ልጣጭ ሲገባ ሁለት ሦስት ሳህን ደረቅ ነገር ከላይ ይልበስ፤ ቅጠል፣ ገለባ፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ወይም ከአናጺ ቤት የምታመጪው ሰጋቱራ። እርጥቡ በፍጹም ተጋልጦ አይደር። የድንች፣ የካሮት፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት ይገባል። ወጥ፣ ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት የነካው አይገባም። በሳምንት አንዴ በዱላ ይገላበጥ። ጭብጥ አድርገሽ ስትይዢው እጅሽን እርጥብ የሚያደርግ ግን የማይንጠባጠብ ከሆነ ልክ ነው። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮ ጣል ይደረግበት፣ ካለዚያ የባሕር ዳር ዝናብ ያጥበዋል። በሦስት በአራት ወር አፈር ይሆናል።

የእንጀራ ትርፍ እዚያ መግባት የለበትም። እሱ ድርቆሽ ነው የሚሆነው፤ እማማ ደግሞ ከአንቺም ከእኔም በላይ ይችሉበታል።

እዚህ ላይ ነው የምለምንሽ። ጉድጓዱ የት ይቆፈር የሚለውን አትወስኚ። እማማን ጠይቂያቸው። "ዘጌ ቡናው ሥር የሚረግፈው ቅጠል ይጠረጋል ወይስ ይተዋል?" በያቸውና ዝም ብለሽ ስሚ። የሚነግሩሽ ነገር ይኖራቸዋል። ምናልባት አንድ እግር ጌሾ ወይም ሎሚ እንዲተክሉበት ቦታ ለዪላቸው። ጉድጓዱ የእሳቸው ከሆነ ማኅበር በሚወጣበት ቀን ማን እንደሚሸፍነው አታስቢም።

ስለ ምጣዱ ብዙ አልልም፣ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። እንጀራ በኤሌክትሪክ መጋገር ለዓይንም ለሳንባም ለደንም ይሻላል። እንዲያውም ለልጆችሽ የምትነግሪው ደስ የሚል ነገር አለ። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ያወጣል፤ ተርባይኑን የሚያዞረው ከጣና በዋሻ የሚሄድ ውሃ ነው። ምጣዱ ሲግል ሐይቁም እጁ አለበት። ስለዚህም በቁጠባ ይሁን። ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ የሚበላ ዕቃ ነው። ለመጋል ብቻ ብዙ ይፈጃል። ሊጡን አጠራቅማችሁ የሳምንቱን በአንድ ቀን ጋግሩ፤ የመጨረሻዋን እንጀራ ስታሰፊ መብራቱን አጥፊው፣ በያዘው ሙቀት ትበስላለች። መብራት በሚጠፋበት ቀን ግን በእንጨት ጋግሩ፣ ማንም አይሳቀቅ። ምርጥ የሚባለውን እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ካገኛችሁ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ባለቤትሽ ሃይላንድ መኪና ውስጥ የሚደብቀው ለምን ይመስልሻል? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ሲመጣ አንዳንዴ ደፍርሶ ይመጣል። ለልጆቹ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ ክልከላ መልስ አይሆነውም። ማታ ውሃ አፍልታችሁ አሳድሩ፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ በመጠኑ አድርጉበት፣ ክዳንና ቧንቧ ባለው ንጹሕ ዕቃ አስቀምጡት። ለእሱ አንድ ጠንካራ ኮዳ ግዢለት። ቤት ውስጥ ይህን፣ መንገድ ላይ ደግሞ የሚፈልገውን ይጠጣ። ባዶውን ሃይላንድ በጆንያ አጠራቅሙት፤ ቆራሌው ሲመጣ ይውሰደው። ይህንንም ሥራ ለእሱ ስጪው። ወንድ ልጅሽም ጆንያው ውስጥ መወርወር ሳይወድ አይቀርም።

አንድ ሰው ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ አንዴ ብቻ ተጠቅሳ አለፈች። የምታግዛችሁ ልጅ። እስኪ አስቢው፤ ባልዲውን ማን ነበር የሚሞላው? ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ማን ነው የሚንገላታው? አንቺ ያወጣሽውን ደንብ በእጇ የምትሠራው እሷ ናት። ከማንም በፊት እሷን "የትኛው ከበደሽ?" ብለሽ ጠይቂያት። የሚቀለው መንገድ ከእሷ ሊመጣ ይችላል። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን የልብስ መለቅለቂያውን ለሽንት ቤት የምታስቀምጠው እሷ አይደለችም?

አሁን ወደዚያች እንቅልፍ ወዳጣሽባት ማታ ልመለስ። ሁሉም ከዚያ የመጣ ስለሆነ።

እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። በተመቸው ውሃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። የሚመገበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እሱም በጎርፍ ታጥቦ ከሚመጣው የማሳ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማውም ፍሳሽ ይገባለታል። ጣና ደግሞ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ነቅላችሁ ያልቀነሰ የመሰለሽ ስላልሠራችሁ አይደለም። የአንቺ ስምንት ፌስታልም አላመጣውም። ያን ሁሉ ሸክም ማድ ቤትሽ ውስጥ አስገብተሽ በአንድ ሳምንት ልታራግፊው ሞከርሽ፤ ቤተሰቡ ላይ ወደቀ።

ቤትሽ ሐይቁን የሚነካበት ቦታ ግን አለ። እጣቢው ነው። ወደ መንገዱ ቦይ የሚደፋው ሁሉ ክረምት ሲመጣ ቁልቁል ወደ ውሃው ይሄዳል። ሳህኑ ከመታጠቡ በፊት ዘይቱና ወጡ በቁራጭ እንጀራ ወይም በወረቀት ይጠረግ። በጾም ሰሞን በተለይ፣ ዘይቱ ይበዛል። የመጀመሪያው እጣቢ ወደ ቦይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ይፍሰስ፤ ጎመንና ሰላጣ ላይ ግን አይሁን። የተቃጠለ ዘይትም የትም አይደፋ፤ በጠርሙስ ከድናችሁ ከቆሻሻው ጋር ስጡት። ለሐይቁ አንድ ነገር ብቻ ላድርግ ካልሽኝ ይህን ነው የምመርጥልሽ። ፎቶ የሚነሳ ነገር አይደለም፣ ጎረቤትም አያየውም። ምንም ቢሆን ግን እምቦጩን ለኮምፖስት ብለሽ ወይም አበባው አምሮሽ ቤት እንዳታመጪ።

ልተወው ወይስ ልቀጥል ላልሽኝ፤ አብዛኛውን ለጊዜው ተዪው። ለዚህ ወር የልጅሽ ከረጢትና የእማማ ጉድጓድ ይበቃሉ። እጣቢውን አንቺና አጋዥሽ ያዙት። ባለቤትሽ ጆንያውን ይዞ ይቆይ፣ ባይይዝም አትነዝንዢው። ከወር በኋላ አንድ ቀን አሞሽ ተኛሽ እንበል። ያን ቀን ሳትናገሪ የተሠራው ነገር የቱ ነው? እሱ ቤቱን ለምዷል፤ ቀጣዩን ያኔ ጨምሪ። ሳትናገሪ የቀረው ደግሞ አልተመቻቸውምና ከእነሱ ጋር ተቀምጣችሁ አስተካክሉት፣ ካልሆነም ይቅር።

ስምንቱን ፌስታሎች አልጣልሻቸውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ከረጢቱን ከመስፋታችሁ በፊት ከልጅሽ ጋር እጠቧቸውና ልብሱ የሚሰጣበት ገመድ ላይ አስጧቸው። እሷ መቆንጠጫውን ትያዝልሽ።